ከምረቃ እስከ መጀመሪያው ደመወዝ፦ በጎንደር ሥራ ለሚፈልግ አዲስ ተመራቂ

ጎንደር ውስጥ በአንድ ድርጅት የሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት የአመልካቾችን ማስረጃ የምንለየው በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነበር። በስተግራ የተሟላው፣ በስተቀኝ የተጓደለው፣ መካከል ላይ ደግሞ «ይጠየቅ» የሚል ወረቀት የተጫነበት ክምር ይቀመጣል። በመካከለኛው ክምር ላሉት ስልክ ተደውሎ የጎደለውን እንዲያመጡ ነበር የታሰበው፤ ነገር ግን ለ2 ክፍት ቦታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሲያመለክት ማንም አይደውልም፣ አመሻሽ ላይም ያ ክምር ከቀኙ ጋር ተደርቦ ካርቶን ውስጥ ይገባል። በዚያ ካርቶን ውስጥ ከተመረጡት የተሻለ ውጤት ያላቸው ልጆች እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀሩት እውቀት አንሷቸው አልነበረም፤ አንድ ወረቀት ሳያያይዙ፣ ስማቸው በአንድ ፊደል ተለያይቶ ወይም በአንድ ቀን ዘግይተው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው፤ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደውም እዚያው ላይ ነው።

1. ማስታወቂያ ሳይወጣ የሚያልቅ ሥራ

ጋዋኑ ተመልሶ፣ ፎቶው ተነሥቶ፣ ቤተሰብ ከተሸኘ በኋላ ክሊራንሱን በይደር ትቶ ወደ አገሩ የሚሄድ ተመራቂ ብዙ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የፈተና ጥሪ ሲደርሰው ከደባርቅ ወይም ከደብረ ታቦር ተመልሶ የቤተ መጻሕፍትና የመኝታ ክፍል ፊርማ ሲለቅም ይሰነብታል፤ መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ከገጠመው ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ስለዚህ የሚማሩት በማራኪም ሆነ በአፄ ቴዎድሮስ ግቢ፣ ወይም በከተማው ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ፣ ክሊራንሱን ጨርሰው ጊዜያዊ ዲግሪዎንና ስቱደንት ኮፒዎን ከሬጅስትራር ሳይቀበሉ ከከተማው አይነሡ። ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለተማረ ሰው ከወጪ መጋራት ክፍያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አሠሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለማመልከት ጊዜያዊው ይበቃል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ስላለባቸው፣ የማለፊያ ውጤቱንም አትመው ከማስረጃዎ ጋር ያኑሩት፤ በማስታወቂያ ላይ ለብቻው የሚጠይቁ አሠሪዎች አሉ።

ከዚያ በኋላ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዎን፣ ጊዜያዊ ዲግሪዎን፣ የቀበሌ መታወቂያዎንና የፋይዳ መታወቂያዎን ጎን ለጎን ዘርግተው ስምዎን በየፊደሉ ያንብቡ። ይህ የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ብዙ ሰው የሚያስቀረው እርሱ ነው። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም፤ «ፀሐይ»ን አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ» ጀምሮ ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ኤስ»። የባሰው ጥምር ስም ነው። የአባትዎ ስም ገብረ እግዚአብሔር ከሆነና አንዱ ሰነድ ላይ ተለያይቶ ከተጻፈ፣ ኮምፒዩተሩ አባትዎን «ገብረ»፣ አያትዎን «እግዚአብሔር» አድርጎ ይመዘግብዎታል፤ ይህን ያየ የባንክ ሠራተኛ ደግሞ ሁለቱ ሰነዶች የአንድ ሰው ናቸው ብሎ ለመፈረም አይደፍርም። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ያንኑ 1995 ሳይቀይር ከሞላ፣ በአንድ ብዕር ጭረት 8 ዓመት ገደማ አርጅቷል፤ ለአዲስ ተመራቂ የዕድሜ ጣሪያ በሚያስቀምጥ ማስታወቂያም ሳይወዳደር ይወጣል።

ልዩነት ካገኙ በእኔ አስተያየት መነሻ መሆን ያለበት የ12ኛ ክፍል ማስረጃው ነው፤ ማስተካከሉ ከሁሉም ስለሚከብድ ሌሎቹ ወደ እርሱ ይቅረቡ። ዩኒቨርሲቲው የተሳሳተውን ከሬጅስትራር በማመልከቻ ሊያርም ይችላል፣ ፋይዳም በምዝገባ ጣቢያ የሚታደስበት አሠራር አለው። ስሙ ከናካቴው የተለየ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜም ስለሚወስድ ዛሬውኑ ይጀመር።

ሰነዱ ከተስተካከለ በኋላ ፒያሳ ካሉት ፎቶኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ይሂዱና ቢያንስ 5 ሙሉ ቅጂ አስነሥተው እያንዳንዱን በየክላሰሩ ያስሩ። ቅደም ተከተሉ የሚቀልለው ለሚያየው ሰው ነው፦ ከላይ ማመልከቻው፣ ቀጥሎ ሲቪው፣ ከዚያ ጊዜያዊ ዲግሪው፣ ስቱደንት ኮፒው፣ የመውጫ ፈተናው፣ የ12ኛ ክፍሉ፣ በመጨረሻም መታወቂያው። ኦርጅናሉን ለማመሳከር ብቻ ያሳዩ እንጂ ለማንም ትተው አይምጡ። ጉርድ ፎቶ 3 በ4 የሆነ 8 ያህል ይኑርዎት። በኢንተርኔት ለሚቀርበው ማመልከቻ ደግሞ ሰነዶቹን በስልክ ሲያነሡ በቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ያንሡ፤ ምሽት ላይ አምፖል ሥር የተነሣ ዲግሪ የገዛ እጅዎን ጥላ ይዞ ይቀራል፣ ማህተሙም አይነበብም። ሁሉንም በአንድ ፒዲኤፍ አጠቃለው ፋይሉን በሙሉ ስምዎ ይሰይሙት። «ዶክመንት አንድ» የሚል ፋይል በቀን 40 ያህል ይደርሰን ነበር።

እንደ ሙያው የሚጨመርም አለ። የጤና ተመራቂ የሙያ ብቃት ምዘናውን አልፎ ፈቃዱን ሳይዝ ማመልከት ትርጉም የለውም። በሒሳብ፣ በፊዚክስ ወይም በመሰል መስክ ተመርቆ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የፈለገ ሰው ፒጂዲቲ የሚባለውን የመምህርነት ሥልጠና ይጠየቃል። ከግል ኮሌጅ የተመረቀ አመልካች ማስረጃው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እንዲረጋገጥለት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የኮሌጁን ሬጅስትራር ስለ አካሄዱ አስቀድሞ ይጠይቅ።

2. ክፍት ቦታ የሚታይባቸው ቦታዎች

ብዙ ተመራቂ ሥራ ፈላጊነቱን በቴሌግራም ቻናል ብቻ ይወስነዋል። ቴሌግራሙ አይናቅ፤ ነገር ግን እዚያ የሚወጣው በአመዛኙ የአዲስ አበባ ሥራ ነው፣ በአገሪቱ ያለ ተመራቂ ሁሉም ያንኑ ያያል። የጎንደርን ሥራ ጎንደር ላይ መፈለግ የራሱ ጥቅም አለው።

በሳምንት አንድ ቀን፣ እኔ ማክሰኞ ጠዋትን እመርጣለሁ፣ በእግር ዞረው የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ያንብቡ። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎችና ሆስፒታሉ፣ የከተማ አስተዳደሩና የክፍለ ከተሞቹ ጽሕፈት ቤቶች፣ የዞኑ መምሪያዎች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ሁሉም በር ላይ ሰሌዳ አላቸው፤ የአጭር ጊዜ ኮንትራት ሥራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ሰሌዳ ውጭ የትም አይወጣም። ከጋዜጣ በኩር የክልሉን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ማስታወቂያ በየሳምንቱ ሰኞ ይዞ ይወጣል፤ ለአገር አቀፉ የባንክና የድርጅት ሥራ ሪፖርተር የረቡዕና የእሑድ እትም፣ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አዲስ ዘመን ይታያሉ። በኢንተርኔት ኢትዮጆብስ እና በተለይ ለአዲስ ተመራቂዎች የተዘጋጀው «ደረጃ» የተባለው ድረ ገጽ ላይ መመዝገብ ክፍያ የለውም፤ ደረጃ ሥልጠናም ስለሚሰጥ ከሥራ ማስታወቂያው ይልቅ እርሱ ሊጠቅምዎት ይችላል።

በሚኖሩበት ቀበሌ በሥራ ፈላጊነት መመዝገብንም አይተዉት። «ካርዱ ምን ያደርግልኛል?» የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ይነሣል። ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም፤ ነገር ግን በመንግሥት በኩል ለሚመጡ ሥልጠናዎችና ለማኅበር መደራጀት የሚጠየቀው እርሱ ነው።

ማስታወቂያ ያላወጡ አሠሪዎችም አሉ። ዳሽን ቢራ፣ የብቅል ፋብሪካው፣ ከመተማ በኩል የሚመጣውን ሰሊጥ የሚያዘጋጁና የሚልኩ ነጋዴዎች፣ ሆቴሎች፣ የግል ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች፣ የኮሪደር ልማቱን የሚሠሩ ተቋራጮች ሁሉም ሰው ይቀጥራሉ፤ ከእነዚህ ትንንሾቹ ሰው ሲጎድልባቸው የሚያስታውሱት ባለፈው ወር በአካል መጥቶ በትሕትና ማስረጃውን ያስቀመጠውን ልጅ ነው። በር ላይ ያሉትን ጥበቃ እንደሚገባ ሰላም ይበሉ፤ የሚያስገባዎትም የሚመልስዎትም እርሳቸው ናቸው፣ የሰው ሀብት ኃላፊው በየትኛው ሰዓት ቢሮ እንደሚገኝም ከእርሳቸው የተሻለ የሚያውቅ የለም።

3. ማስታወቂያን እንደ ውል ማንበብ

አንድ ማስታወቂያ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት ደመወዙን ሳይሆን ቀኑን ይሁን። «ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» የሚለው ቆጠራ የሚጀምረው እርስዎ ካነበቡበት ቀን አይደለም። «7 ተከታታይ ቀናት» እና «7 ተከታታይ የሥራ ቀናት» ደግሞ አንድ አይደሉም፤ በመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ፣ በሁለተኛው አይቆጠሩም፣ ባንክ ከሆነ ግን ቅዳሜ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ካልሆኑ አጭሩን ቆጠራ ይያዙ። በኢንተርኔት የሚዘጋ ማመልከቻ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ኦክቶበር 10 በአብዛኛው ዓመት መስከረም 30 መሆኑን፣ «11፡59 ፒኤም» የሚለውም በእኛ ከምሽቱ 5፡59 መሆኑን ልብ ይበሉ። አንዲት ጎበዝ አመልካች ያንን ከንጋቱ 11፡59 አድርጋ ተረድታ ሌሊቱን ስትጽፍ አድራ ማለዳ ላይ የተዘጋ ገጽ ጠብቋታል። በጥር ወር ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ባሉት ቀናት ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ስለሚወርድ ማህተም፣ ፊርማና ፎቶኮፒ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው፤ የጥር ጉዳይዎን ከጥር 9 በፊት ይጨርሱ።

ቀጥሎ የትምህርት መስኩ ይነበብ። «በማኔጅመንት ወይም በተዛማጅ የትምህርት መስክ» ከተባለና እርስዎ በቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ከተመረቁ ያመልክቱ፤ «በማኔጅመንት» ብቻ ከተባለ ግን መዝጋቢው የማስታወቂያውን ቃል ከዲግሪዎ ቃል ጋር ስለሚያስተያይ ድካሙ ለከንቱ ሊሆን ይችላል። ተዛማጅነቱ አከራካሪ ከሆነ በአካል ሄደው ይጠይቁ። የሥራ ልምድ «0 ዓመት» የተባለበት ቦታ የእርስዎ ነው። «2 ዓመት» በተባለበት ቦታ ላይ ዕድሌን ልሞክር ብሎ ማመልከት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈጽሞ አይሠራም፤ በግል ድርጅት አልፎ አልፎ ይሠራል።

የሥራ ቦታውንም ይመልከቱ። ባንክ «ጎንደር ዲስትሪክት» ሲል ፒያሳ ያለው ቅርንጫፍ ማለቱ አይደለም፤ በዲስትሪክቱ ሥር ያለ ማንኛውም ቅርንጫፍ ነው፣ ቆላማውን የመተማ መንገድም ይጨምራል። ይህን ቀድሞ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ መወሰን፣ ፈተና አልፎ ምደባ ሲወጣ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚል ካለ ደግሞ ከወዲሁ ቋሚ ሥራና በቂ ደመወዝ ያለው ሰው ያስቡ። አጎትዎ ለአክስትዎ ልጅ አስቀድመው ዋስ ገብተው ከሆነ ለእርስዎ እንዲገቡ አሠሪው ላይቀበል ስለሚችል፣ ይህንንም ሳያፍሩ ይጠይቋቸው።

4. ማመልከቻውና ሲቪው

ማመልከቻ አንድ ገጽ አይሞላም። ለማን እንደሚጻፍ፣ ጉዳዩ፣ ማስታወቂያው የወጣበት ቀንና የመደቡ መጠሪያ፣ ብቃትን የሚያሳይ አንድ አንቀጽ፣ የተያያዘው ሰነድ ብዛት፣ ስም፣ ፊርማና ስልክ ከያዘ በቂ ነው። አካሉ ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ ለጀማሪ የሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ ማመልከትን ይመለከታል። መሥሪያ ቤታችሁ በኅዳር 3 ቀን ባወጣው ማስታወቂያ መሠረት ከላይ በተጠቀሰው መደብ ለመወዳደር አመለክታለሁ። በአካውንቲንግና ፋይናንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለኝ ሲሆን፣ በ4ኛ ዓመት የተግባር ልምምዴ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የ6 ወር የገቢና የወጪ ሰነድ በኮምፒዩተር መዝግቤ ሚዛኑን አስታርቄያለሁ። 6 ገጽ የትምህርት ማስረጃ ከዚህ ማመልከቻ ጋር አያይዣለሁ።»

ልብ ይበሉ፤ በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ትጉህ»፣ «ታታሪ»፣ «ለሥራ ፍቅር ያለኝ» የሚል የለም። እነዚህን ቃላት ሁሉም ስለሚጽፋቸው አንባቢው ማየት ካቆመ ቆይቷል። «የ6 ወር ሰነድ» የሚለው ግን በቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄ ያስነሣል፣ ጥያቄ ማስነሣት ደግሞ የማመልከቻ ዓላማው ነው። ያልሠሩትን አይጻፉ፤ የሚጠይቅዎ ሰው ያንን ሥራ በየቀኑ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ሲቪው በእንግሊዝኛ፣ ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ ይዘጋጅ። በጎንደር ፎቶኮፒ ቤቶች ኮምፒዩተር ላይ ያለው የተዘጋጀ ሲቪ ስሙ ብቻ እየተቀየረ ስንት ዓመት እንደዞረ አላውቅም፤ የቀድሞው ሰው «ትርፍ ጊዜ» ሳይቀየር የቀረበት ሲቪ ደርሶኛል፣ ባለቤቷ በቃለ መጠይቁ ስለ ቼዝ ስትጠየቅ ጨዋታው ምን እንደሆነ አታውቅም ነበር። የራስዎን ከባዶ ገጽ ይጻፉ። የተግባር ልምምድን፣ የመመረቂያ ጽሑፍን ርእስ፣ በግቢ ክበብ ውስጥ የነበረ ኃላፊነትን፣ በእውነት የሚችሉትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ያስገቡ። ምስክር የሚያደርጓቸውን መምህር ስልካቸውን ከመጻፍዎ በፊት ያስፈቅዷቸው።

ማመልከቻውን በአካል ሲያስገቡ በመዝገብ ቤት መመዝገቡን አይተው ቁጥሩንና ቀኑን በደብተርዎ ይጻፉ። በዚያው ደብተር ላይ የአሠሪው ስም፣ የመደቡ መጠሪያ፣ የተዘጋበት ቀንና ፈተና የተባለበት ቀን በመስመር ይቀመጥ። አሥር ቦታ ያመለከተ ሰው ከአሥሩ የትኛው እንደደወለለት ሳያውቅ «አቤት፣ ከየት ነው?» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

5. ፈተናና ቃለ መጠይቅ

የባንክ የመግቢያ ፈተና በአመዛኙ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ ስሌትና የጠቅላላ እውቀት ምርጫ ነው፤ የሚፈትነው እውቀትን ብቻ ሳይሆን ፍጥነትን ስለሆነ በሰዓት እየለኩ መለማመድ ይጠቅማል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ብዙውን ጊዜ ከሙያው ጋር ስለ መሥሪያ ቤቱ ተግባርና ስለ ሕጎቹ ይጠይቃል፤ የሚያመለክቱበትን መሥሪያ ቤት ሥልጣንና ተግባር ከማቋቋሚያ አዋጁ ወይም ደንቡ አንድ ጊዜ ያንብቡ። ጥሪው በሰሌዳ ብቻ ሊለጠፍ ስለሚችልም ስልክ ብቻ አይጠብቁ። ፈተናው አዲስ አበባ ከሆነ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነውና፣ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ደርሶ ማደር አለበት፤ መንገዱ አስተማማኝ በማይሆንበት ወቅት ደግሞ ፈተናው በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ይሰጥ እንደሆነ ደውሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

በቃለ መጠይቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ስለ ራስዎ ይንገሩን» ነው። አብዛኛው ተወዳዳሪ ከትውልድ ቀበሌው ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ስም ይነግረናል። የማልረሳት አንዲት ልጅ ግን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሰች፦ ምን እንዳጠናች፣ አያቷ በቅዳሜ ገበያ ባላቸው የእህል መደብር የዱቤ ደብተሩን ለ3 ዓመት የያዘችው እርሷ እንደነበረች፣ በዚያ ደብተር ምክንያትም ከአንድ ደንበኛ ጋር የተነሣውን ክርክር እንዴት በቀንና በፊርማ እንደፈታችው። ከዚያ በኋላ የጠየቅናት ሁሉ ስለዚያ ደብተር ነበር፤ ቦታውም ለእርሷ ሆነ። «የሥራ ልምድ የለኝም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለ ደብተር በቤታቸው አለ፣ ሥራ ነው ብለው ስላልቆጠሩት ብቻ አይናገሩትም።

«ደመወዝ ስንት ይጠብቃሉ?» ሲባሉ «እናንተ እንደሰጣችሁኝ» ማለት ትሕትና ይመስላል እንጂ መልስ አይደለም። በከተማው ተመሳሳይ መደብ ላይ ያለ ሰው የሚያገኘውን ጠይቀው፣ ከዚያ ተነሥተው ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን ይናገሩ። መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «ይህን አላውቀውም፤ ለማወቅ የማደርገው ግን ይህ ነው» ማለት ከግምት ይሻላል። ልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ከሆነ በቂ ነው፤ ከጓደኛ የተዋሱት ትከሻው የሰፋ ኮት አያስፈልግም።

6. ገንዘብ የጠየቀዎት ሰው

ለማመልከቻ ቅጽ፣ ለ«ፕሮሰስ»፣ ለሥልጠና ወይም ለደንብ ልብስ አስቀድመው በቴሌብር እንዲልኩ ከተጠየቁ ይተዉት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ሥራ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ያደርጋል። በሰፈር ደላላ በኩል ሥራ ያገኘ ሰው መኖሩን አልክድም፤ በመጀመሪያው ወር ደመወዙ ምን እንደቀረለት ግን ይጠየቅ። ሦስት ሰው ካመጣህ ደረጃህ ያድጋል የሚል «ሥራ» ደግሞ ሥራ አይደለም፤ የጓደኞችን ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው።

7. ሥራው እስኪገኝ

አመልክቶ ቤት መቀመጥ በወረቀቱ ላይ ባዶ ዓመት ይተዋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ በመሆኗ ተመራማሪዎች ለጥናታቸው መረጃ ሰብሳቢ በየጊዜው ይፈልጋሉ፤ በዳባት የዩኒቨርሲቲው የጤናና የሥነ ሕዝብ ጥናት ጣቢያ በመኖሩም የጤና ተመራቂዎች ይህን ሥራ በደንብ ያውቁታል። ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት የሚቆይ፣ በቀን የሚከፈል፣ ብዙ እግር መንገድ ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን በታብሌት መረጃ መሰብሰብን ያስተምራል፣ ሲጨርሱም ከዋናው ተመራማሪ የምስክር ወረቀት መጠየቅ ይቻላል። ጥናት የሚያካሂዱ መምህራን ዘንድ በቢሮ ሰዓት ሄደው «መረጃ ሰብሳቢ ሲያስፈልግዎ ያስታውሱኝ» ብለው ስልክዎን ይተዉላቸው። ማስጠናት፣ የግል ትምህርት ቤት ምትክ መምህርነት፣ የሱቅ ሒሳብ መያዝም በዚሁ ይታያሉ።

በነጻ አገልግሎት ላይ ግን የራሴ ወሰን አለኝ። ሙያ የሚያስተምር ከሆነና ከ3 ወር ካልበለጠ ጥሩ ነው፤ ፎቶኮፒ ማንሣትና ሻይ ማዘዝ ብቻ ከሆነ በአንድ ወር ይብቃ።

8. ተቀጠሩ ከተባሉ በኋላ

ደስታው የውሉን ንባብ እንዳያስረሳ። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ የሚመለከተው የግል ድርጅት ከሆነ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥዎት ይገባል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ይህ አይመለከተውም።

የተነገረዎት ደመወዝ ያልተጣራ ይሁን የተጣራ ጠይቀው ይረዱ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። 10,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ያለው ሰው 1,650 ብር ግብርና 700 ብር፣ ማለትም 7 በመቶ፣ ጡረታ ተቆርጦ 7,650 ብር ይደርሰዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማረና የወጪ መጋራቱ በ10 በመቶ መቆረጥ ከጀመረ ደግሞ እጁ የሚገባው 6,650 ብር ነው። የቤት ኪራይ ለመዋዋል የሚታሰበው በዚህኛው ቁጥር ነው።

አንዳንድ ትንንሽ አሠሪዎች «ግብርና ጡረታ ሳንቆርጥ ሙሉውን እንስጥህ» ይላሉ። ለጊዜው ጣፋጭ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመለክቱ ግን ከግል ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን በማስረጃ እንዲያሳዩ ይጠየቃሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ዓመታት እንዳልተሠሩ ይቆጠራሉ። ሲለቁም ሆነ በሥራ ላይ እያሉ የሥራውን ዓይነት፣ የቆዩበትን ጊዜና ደመወዙን የያዘ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለዎት፤ ሲቀበሉት ስምዎ ከጊዜያዊ ዲግሪዎ ጋር በየፊደሉ መግጠሙን እዚያው ቢሮ ቆመው ያንብቡ፣ ከቤት ተመልሶ ማሳረም ሌላ ክሊራንስ ነው።